ለልጄ፦ ስለ ደኑ ታሪክሽና ስለዚያ ግንቦት ማር

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም ቡናውን ወርዶ ሳያይ አይውልም፤ ተው ብለው አልሰማ አለኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ኔትወርክ እንደምታውቂው ኮረብታው ላይ ካልወጡ የለም፤ እዚያ ቆሜ ደግሞ ይህን ሁሉ ላወራሽ አልችልም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የላክሽልኝን የወንጀል ታሪክ ወንድምሽ ቦንጋ ላይ አሳትሞ አመጣልኝ። ማታ ጠጅ ቤቱ ጭር ሲል መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ያቺ አሮጊት በሯ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን የምትሳደብበት ቦታ ብቻዬን አስቆኛል፤ ማን እንደሆነችም ገብቶኛል፣ ለእሷ ግን አልነግራትም። ቢሆንም አንድ ሁለት ነገር ሳልነግርሽ ዝም ብል እናትሽ አይደለሁም።

መርማሪሽ ከአዲስ አበባ በመኪና መጥቶ በሰኔ ወር ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ ደን ይገባል። ይግባ፣ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሲወጣ ግን ጫማው ነጭ አይሆንም። ይህ ቀላል ነው፣ ይታረማል። የከነከነኝ ደኑን «የሰው ዘር የማይደርስበት» ማለትሽ ነው። ዩኔስኮ ስለመዘገበው ሰው እንዳይገባ ተከልክሏል ብለሽም ጽፈሻል። ልጄ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመዘገበው ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ያ ሁሉ ቢከለከል እኛ የት ልንገባ ነው? ማንም የማይነካው እምብርት አለ፣ እውነት ነው። በእሱ ዙሪያ ግን ቡና የሚለቀምበት፣ ማር የሚቆረጥበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚሰበሰብበት ደን አለ፤ ከዚያ ወዲህ እርሻውና መንደሩ ይመጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው የካፋ ባዮስፌር የሚባለው። አንቺም የተወለድሽው እዚያው ውስጥ ነው።

ደግሞም ደኑ ባለቤት አለው። ኮቦ የሚሉትን ከአባትሽ ሰምተሻል፤ ይህ ዛፍ የእገሌ አባት ቀፎ የሰቀለበት ነው ከተባለ ሌላ ሰው አይሰቅልበትም፣ ወረቀት ኖረም አልኖረ። ዋንዛው፣ ቀረሮው፣ ጥቁር እንጨቱ ሁሉ የማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ይነግርሻል። እንግዳ ሰው ጠዋት በዚያ ቢያልፍ ከሰዓት በፊት ወሬው ጠጅ ቤት ደርሷል። ስለዚህ ያ ገዳይሽ ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሳያየው ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ ያልሽው እኛ አገር አይሆንም። በመጀመሪያው ሳምንት «ሰውዬው ጨው አልቆበታል መሰለኝ» ብሎ የሚያወራ ሰው ታገኚ ነበር።

እዚህ ምስክር ሞልቷል፤ ችግሩም እሱ ነው። ይህን ስልሽ ዝም ብዬ አይደለም። አንቺ ጅማ አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ስምንተኛ ክፍል ስትማሪ እዚህ የተፈጠረ አንድ ነገር አለ። ያኔ አልነገርንሽም። ልጅ ነበርሽ፣ ከዚያ ቤት ልጅ ጋርም ጓደኛማቾች ነበራችሁ። ከፈለግሽ ለታሪክሽ ውሰጂው።

ወሩ ግንቦት ነበር፣ ነጩ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ። ለከተማ አንባቢሽ ጌተማን በደንብ አስረጂልኝ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ፣ እዚያው ተደላድሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። መጋቢት አካባቢ ሲያብብ ንቡ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ከእሱ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ ዋጋውም ከሌላው ይበልጣል። እኔ እንኳ ለጠጅ አልገዛውም፣ አያዋጣም። ለጠጅ ጠቆር ያለው ይሻለኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ያሉ አንድ የተከበሩ ሰው እየጮኹ መንደር ገቡ። ባለማሩ ልበላቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። ትናንት ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሦስት ቀፎ ማር ዘረፉኝ አሉ። ሦስቱም ከአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ። ማር መስረቅ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ነፍሱን ሸጦ በመጫኛ ተንጠልጥሎ የሰቀለው ነው፣ ቀፎ የሚዘርፍ ሰው ከመንደር ይወጣል። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

ቡና ሳይፈላ ሌባው ታወቀ። ጠርዙ ላይ የሚኖረው ከሰል አክሳዩ ነው ተባለ። የጓደኛሽ አባት።

ማንጆ መሆኑን ታውቂያለሽ። አንባቢሽ ግን አያውቅምና ጻፊው፣ አትፈሪ። ከጥንት ጀምሮ አዳኞችና የደን ሰዎች ናቸው፤ አሁን እንጨትና ከሰል ሸጠው ያድራሉ። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ እየተባለ ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ስኒ ቡና አይጠጣም፣ ቤቱም አያስገባቸውም፤ ገበያ ላይ እንኳ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። አንቺ ከልጅቷ ጋር በቆሎ ተካፍለሽ ስትበዪ አይተው ለእኔ የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ። በጊዜው መልሴን ሰጥቻቸዋለሁ።

የዚያን ቀን የምስክሩን አካሄድ ልንገርሽ፤ ለታሪክሽ ከዚህ የሚሻል አታገኚም። ጠዋት አንዱ «ዓርብ ሲመሽ ጆንያ ይዞ በዛፉ ሥር ሲያልፍ አይቼዋለሁ» አለ። ከሰል የሚሸጥ ሰው ጆንያ ይዞ ቢያልፍ ምን ይገርማል? ምሳ ሰዓት ላይ ጆንያው ከባድ ሆነ። ቡና ላይ አንዲት ሴት ከጆንያው ማር ሲንጠባጠብ አየሁ አለች። ሲመሽ ደግሞ ንብ ይከተለው ነበር የሚል ተገኘ። ሁሉም ያዩት ያው አንድ ጆንያ ነው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን እየሞላ ሄደ።

ጎረምሶቹ ቤቱን በረበሩ። መጫኛውን ወሰዱበት፤ «ይኸው መውጫው» ተባለ። እዚህ መጫኛ የሌለው ቤት የትኛው ነው? ከጎጆው ጥግ ደግሞ አንድ ቅል ማር ተገኘ። ሰዉ «ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። ቅሉን ወደ እኔ አመጡት፣ ማር የማውቅ ስለሆንኩ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጠቆር ያለ፣ መረር የሚል፣ የግራዋ ማር ነው፤ ከወራት በፊት የተቆረጠ። «የጠፋው ነጭ ማር ነው፣ ይህ የግራዋ ነው» አልኳቸው። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ማር ቢቀምስ ከየትኛው አበባ እንደሆነ የሚነግርሽ ነው፤ ዋጋ ሲከራከሩኝ እኮ ሰምቻቸዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን «ማር ያው ማር ነው» አሉኝ። ነገሩ ያኔ ነው የሸተተኝ።

የቀበሌው ሰዎች ሁሉም አባወራ ወጥቶ ይማል አሉ። አንዳንዶቹ አላሞ ዘንድ፣ መንፈስ ያናግረዋል የሚባለው ሰው ዘንድ፣ ሄደን እናስጠይቅ አሉ። ፖሊስ ከወረዳ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ መንገዱ ተበላሽቷል። እኔ አያቴ ወሎ ሳለን ያወሩልኝ የነበረው አውጫጭኝ ትዝ አለኝ። አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው ካልወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይራባል። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ስም ነው፤ የሌባው ስም መሆን አለመሆኑን ማን አጣራ? ሌባሻይ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፤ እሱ እየተንገዳገደ ሲሮጥ ወገቡ ላይ ያሰሩትን ይዘው ይከተሉታል፤ የገባበት ቤት ሰውዬ ሌባ ነው። አያቴ ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፣ እኔ ግን ብላቴናው ወደ እኛ ቤት ቢገባስ እያልኩ እፈራ ነበር።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። የተጠረጠረስ? እኛም በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ሰፋሪ ሆነን ስንመጣ ሕፃን ብሆንም አልረሳሁትም፤ ዶሮ ከጠፋ ሰፋሪ፣ አጥር ከተነቀለ ሰፋሪ። እናቴ በየሄደችበት እጇን ገልጣ እያሳየች ነበር የምትኖረው። አባትሽ እኔን ሲያገባ ስንቱ ምን እንዳለው እሱ ይንገርሽ።

እንግዲህ እንዴት እንደመረመርኩ። ፎቶ አላነሳሁም፣ ማንንም አላፋጠጥኩም። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሌባው አልነበረም፣ ስለ ማሩ ነው። የሦስት ቀፎ ነጭ ማር ሰርቀሽ ምን ታደርጊዋለሽ? አትበዪውም፣ ብዙ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሴቶቹን ጠየቅኋቸው፣ አዲስ ነጭ ማር ማንም አላመጣም። ነጋዴዎቹም ዘንድ አልደረሰም። ድሀ ሰው ሰርቆ ማሩን ሳይሸጥ ቁጭ ይላል? ሌሊቱን ጅማ አድርሶት ይሆናል ቢሉኝ ደግሞ ከሰል አክሳዩ በቅሎ የለው፣ መኪና የለው፣ ቅዳሜ ጠዋትም እቤቱ ነው የተገኘው።

ከዚያ ከአባትሽ ወንድም ልጅ ጋር ኮረሪማ ልናይ ነው ብለን ወደ ዛፉ ሄድን። እሱ ቀፎ ሰቃይ ነው፣ አፉም ጠባቂ ነው። ዛፉ ሥር የችቦ አመድ አለ። ማር ሲቆረጥ ንቡን የሚያጨሱበት ችቦ፣ ሌሊት ነው የሚወጣው፣ ይህን ታውቂያለሽ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከላይ ደርቆ ተጋግሯል፣ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አውጥቷል። ዝናብ የመታው አመድ ነው። በጣቴ ቅርፊቱን ባነሳው ከሥሩ ዱቄት ነው፣ ደረቅ። አሁን አስቢ። ረቡዕ ሌሊት ክፉኛ ዘንቦ ነበር። ሐሙስና ዓርብ ግን ጠብ አላለም፤ ይህን የማውቀው ጌሾዬን ሐሙስ ጠዋት ውጭ አስጥቼ ቅዳሜ ስለነበር ያስገባሁት ነው። ዓርብ ሌሊት የነደደ ችቦ ቢሆን አመዱ ሳይነካ ልል ሆኖ ይገኝ ነበር። ሌላ አመድ ፈለግን፣ ዙሪያውን ዞርን። የለም።

የሌላ ቀን ችቦ ሊሆን ይችላል ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ሌባው ያለ ጭስ ቆርጦት ይሆናልም አልኩ፤ ያለ ጭስ ሦስት ቀፎ የከፈተ ሰው ግን ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፍኖ ነው የሚገኘው፣ ከሰል አክሳዩ ደግሞ ጉንጩ ላይ አንዲት የንብ ንድፊያ እንኳ አልነበረችም። እንግዲህ ላዩን ማየት አለብን ተባባልን። ሲመሽ ልጁ ችቦውን ይዞ ወጣ።

እኔ ታች ሆኜ አንጋጥጬ ቀረሁ፤ ከቅጠሉ መሃል የሚታየው ቀይ ፍም ብቻ ነው። ሲወርድ አልተናገረም። እጄን ያዘና አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አዲስ ሰም ነው፤ ነጭ፣ ስስ፣ ሙቀቱ ያልለቀቀው፣ ዓይኖቹ ባዶ፣ ማር ገና ያልገባበት። «ይህን የሚያክል ሠርተዋል፣ ሦስቱም ቀፎ ውስጥ» ብሎ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። «በአንድ ሌሊት?» አልኩት። «እማዬ፣ ይህ የሳምንት ሥራ ነው፤ ያነሰ አይሆንም።» ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ እጭ፣ ማለትም የንቡ ልጅ፣ ያለበት የማር እንጀራ አልተነካም፣ ማር ያለበት ብቻ በወግ ተቆርጧል፣ የቀፎው አፍም ተመልሶ ተዘግቶ ታስሯል።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌባ ቢሆን እንዲህ ይጠነቀቃል? ሌባ እጩንም ማሩንም አጋፍፎ ይሄዳል፣ ንቡ ቢኮበልል ምን ገዶት! አፉን መልሶ የሚዘጋ ለከርሞ የሚያስብ ሰው ነው። ከርሞ ከዚያ ቀፎ ማር የሚቆርጠው ደግሞ ማን ነው? አንድ ሰው ብቻ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም፤ ጠጅ ቤት ያለው ሰው የመንደሩን ብድር ሁሉ ያውቃል። መጋቢት ላይ፣ ጌተማው ገና ሲያብብ፣ አንድ ነጋዴ እየዞረ ቅድሚያ ከፍሎ ነበር። ቡናውንም ማሩንም በአበባው መሸጥ የተለመደ ነው፤ ሰው እህል ሲያልቅበት ምን ያድርግ፣ ያገኘውን ዋጋ ይቀበላል። ባለማሩም ተቀብለዋል። ግንቦት ሲደርስ የነጭ ማር ዋጋ ከዚያ በብዙ ጨምሯል። ነጋዴው ማሩን ሊወስድ የሚመጣው ደግሞ እሑድ ነበር፣ ቅዳሜ በጮኹ በማግስቱ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው ቡና አፍልታለች፤ ቆሎ ቀረበልኝ። ሰሙን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ይህ ምንድነው?» አሉ።

«ሰም ነው፣ ጋሼ። ከእርስዎ ቀፎ የወጣ።»

«ማን አወጣው?»

«እሱን ይተዉት። ንቦቹ ዓርብ ሌሊት ተዘርፈው ቅዳሜ ማታ ይህን ከሠሩ እኔም ቀፎ ልስቀል፣ ጠጅ መጥመቁን ልተወው።»

ሚስታቸው እጇ ጀበናው ላይ እንዳለ ቀረ። እሳቸው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ነጋዴውን መርገም ጀመሩ። ርካሽ ሰጥቶ ሊያራቁተኝ ነው፣ ራቤን ዓይቶ ነው የገዛኝ፣ ጅማ ላይ ስንት እንደሚሸጠው አላውቅም መስሎታል? እውነታቸውን ነው፣ ዋጋው ግፍ ነበር። ይህን አልካድኳቸውም። «ከሰል አክሳዩስ?» አልኳቸው።

«እኔ ስሙን አልጠራሁም» አሉኝ። «ሌባ ሰረቀኝ አልኩ እንጂ እሱ ነው አላልኩም።»

እውነት ነው፣ ልጄ። አላሉም። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ስሰማቸው ነበርኩ፤ አንድም ጊዜ ስሙ ከአፋቸው አልወጣም። እሳቸው ቦታውን ባዶ ትተውት ነው የጮኹት፣ የሞላነው እኛ ነን። ይህን ከሰማሁ በኋላ ንዴቴ ከእሳቸው ላይ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ጠፋኝ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለማሩ ያደረጉትን ተናገሩ፣ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ነጋዴውን ይቅርታ ጠየቁ፤ ገንዘቡን ሊመልሱ፣ በግ ሊጨምሩ ተፈረደ። ነጋዴው በጉን ተቀብሎ ሄደ። ከሰል አክሳዩን ደግሞ ጠሩት። ቆሞ ነው የሰማቸው፣ ከዛፉ ጥላ ውጭ፤ ሁሌም እንደሚቆመው። «ንጹሕ ሆነህ ተገኝተሃል» አሉት። በግ ለእሱ አልታሰበም፣ ማንም አላነሳውም፤ እኔ ባነሳ «እሱ ምን ጠፋበትና?» አሉኝ። እሱም ይህን ሁሉ ሰምቶ «መጫኛዬን መልሱልኝ» ብቻ ነው ያለው። መጫኛውም ማን ቤት እንደገባ ጠፍቶ ሲፈለግ ሰነበተ።

ያቺ ማር ሲንጠባጠብ አየሁ ያለችው ሴት አሁንም ጠጅ ቤት ትመጣለች። አንድ ቀን ብርሌዋን ስሞላላት «ለመሆኑ ያን ቀን ያየሽው ምን ነበር?» አልኳት። «ያን ጊዜ እኮ ማር መስሎኝ ነበር» አለችኝ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር። ውሸታም ሴት አይደለችም፣ ሌላ ነገር ብትነግርሽ እመኚያት። ያን ቀን ግን በእውነት ማር ነው የታያት።

ለታሪክሽ የሚጠቅምሽ ይህ ይመስለኛል። ያ የደን ሰው ብለሽ የጻፍሽው ገዳይ፣ ጠጉሩን ያንጨፈረረው፣ ከሰው የማይገጥመው፣ ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ ሲመጣ እሱ እንደሆነ አውቄዋለሁ። አንቺም ደብቀሽዋል፣ ግን እኛ ሁላችን እሱን ለመጠርጠር ተዘጋጅተን ነው የምናነበው። ገዳይ አታድርጊው አልልሽም፣ ድርሰቱ የራስሽ ነው። ቢያንስ ግን ማን እንዳየው፣ የት ቆሞ እንዳየው፣ በስንት ሰዓት እንዳየው ጻፊ፤ ምሽት ደን ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ የሰው ፊት አይለይም። ስለ ጫካው ድምፅ የጻፍሽውንም ቀንሺው። ጅብ በየገጹ ይጮኻል፤ በዚያ ላይ ጉሬዛ ንጋት ላይ ሲያጓራ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማሁብሽም፤ የኛ አገር ሰው የሚነቃው በእሱ አይደለም እንዴ?

ይህን የማሩን ነገር ከተጠቀምሽበት ማሩን ቡና አድርጊው፣ ወንዙንም ለውጪው። ባለማሩ አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ያነባሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያ ክረምት ከጅማ ስትመለሺ ጓደኛሽ ለምን ትምህርት እንዳቆመች ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ ነበር፣ እኔም ሥራ በዝቶባት ነው ስልሽ ቆየሁ። ያቆመችው በዚያ ሳምንት ነው። ክፍል ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ፣ ልጆቹ «ንብ ይከተልሻል» እያሉ አስቸገሯት። አባቷ ንጹሕ ነው ከተባለ በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። አባትሽ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለምኗል፤ እሷ ግን አልመለስም አለች።

በዚህ ወር ነጭ ማር ልኬልሻለሁ፣ ከሹፌሩ ተቀበይ። ከረጋ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው፣ እሳት ላይ ግን አታድርጊው።

ጓደኛሽ አሁን ቦንጋ ናት፣ አግብታ ሁለት ልጆች አሏት። በገበያ ቀን ኮረሪማና ጥምዝ ትሸጣለች፤ ወንድምሽ የምትቀመጥበትን ያውቀዋል። ባለፈው አግኝቷት ስላንቺ ጠይቃዋለች። ምን ትጽፋለች አለችው፣ እሱም የወንጀል ታሪክ ነው ብሎ ነገራት። ስልክ የላትም፤ ለገና ስትመጪ አንቺው ሄደሽ አግኚያት።

እናትሽ